አደንዛዥ ነው ወይስ ማስታገሻ? ጽኑ ሕሙማን፣ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶችና የመጋቢው ድርሻ

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት ደጋ ወረዳዎች የሚያገለግሉ ከሆነ ይህን ጥያቄ ሳይሰሙ አይቀሩም። ካንሰር አጥንቷ ድረስ የዘለቀባትን እናት ሊጠይቁ ገብተው፣ ጸሎት አድርሰው ሊወጡ ሲሉ፣ ታላቁ ልጅ እስከ ደጅ ይሸኝዎትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መጋቢ፣ ሐኪሙ ሞርፊን የሚባል አዝዞልናል። አደንዛዥ ዕፅ ነው ይላሉ። ለአማኝ ይሆናል?» ይልዎታል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥያቄው ከሌላ በኩል ይመጣል። «ውጭ አገር ገና በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት አለ አሉ፤ እህታችን ከዚያ ትልክልናለች፤ ችግር አለው?»

ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት በሮች ናቸው። አንዱ በር ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች የሚወጡበት ነው፤ ሌላው ገና ያልጸደቁና በሙከራ ላይ ያሉ መድኃኒቶች የሚገቡበት። በሁለቱም በሮች ላይ ሕግ ቆሟል፤ በሁለቱም ደጃፍ ላይ ደግሞ መከራ ያደከመው ሰው ተኝቷል። ይህ ጽሑፍ መጋቢው ሁለቱን እንዳያምታታ፣ በአንዱም ላይ ያለ ዕውቀት እንዳይፈርድ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው።

አንድ ሥር፣ ሁለት ቃል

ከቋንቋችን ልጀምር። «ማደንዘዣ» እና «አደንዛዥ» ከአንድ ግሥ የወጡ ቃላት ናቸው፤ «ደነዘዘ» ከሚለው። ጥርሱን ሊያስነቅል የሄደ አማኝ ማደንዘዣ ተወጋ ቢባል ማንም በንስሐ አይጠራውም። ቀዶ ጥገና የተደረገላት እህት ማደንዘዣ ወሰደች ብለን አንወቅሳትም፤ እንዲያውም በሰላም ስለ ነቃች እናመሰግናለን። «አደንዛዥ ዕፅ» ሲባል ግን ፖሊስ፣ ወህኒ ቤት፣ የጠፋ ልጅ ነው የሚታየን። ሞርፊን በሕግ መዝገብ ውስጥ ናርኮቲክ ተብሎ ስለ ተመደበ፣ በአማርኛ ትርጉሙ «አደንዛዥ» ይሆንና የሰውየው ስቃይ ሳይታይ ቃሉ ብቻውን ይፈርዳል። እንደ እኔ ግምት በመንደራችን ሞርፊንን ከሕግ ይልቅ የከለከለው ይህ ስም ነው።

ሕጉ ራሱ የሚለው ሌላ ነው። አገራት በ1961 እ.ኤ.አ. የተስማሙበትና ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት ሁለት ዓላማ አለው። አንደኛው እነዚህ ነገሮች ለሕክምናና ለሳይንስ ካልሆነ በቀር እንዳይውሉ መከልከል ነው። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው አይሰማውም። ስምምነቱ ገና በመግቢያው ላይ ናርኮቲክ መድኃኒቶች ሕመምን ለማስታገስ የማይተኩ መሆናቸውንና ለዚህ አገልግሎት በበቂ ሁኔታ መገኘት እንዳለባቸው ያስቀምጣል። ስለዚህ አገር የፈረመችው እንዲከለከል ብቻ አይደለም፤ ለታማሚው እንዲደርስም ነው።

በአገራችንም እንዲሁ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ያለ ፈቃድ አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ይቀጣል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ እነዚሁን መድኃኒቶች በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድና ቁጥጥር ሥር ሆነው ለሕክምና እንዲውሉ መንገድ ያበጃል። ሐኪሙ የሚጽፍበት ማዘዣ ከተራው ማዘዣ የተለየ ነው፤ ፋርማሲው መድኃኒቱን ቆልፎ ያስቀምጣል፣ የወጣውንም ይመዘግባል። ቤተሰቡ ይህን ጥብቅነት ሲያይ «አደገኛ ነገር ቢሆን ነው» ብሎ ይደነግጣል። እርስዎ ግን፣ ልዩ ማዘዣው መድኃኒቱ የተፈቀደ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት እንጂ የክስ ወረቀት እንዳልሆነ ሊነግሩት ይችላሉ።

መድኃኒቱ እያለ ለምን አይገኝም? አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። እያንዳንዱ አገር በየዓመቱ የሚያስፈልገውን የናርኮቲክ መጠን ገምቶ ቪየና ላለው ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ ቁጥጥር ቦርድ ያሳውቃል፤ ከዚያ በላይ ማስገባት አይችልም። ግምቱ በአብዛኛው የሚሠራው ቀደም ሲል ሥራ ላይ ከዋለው መጠን ተነሥቶ ነው። ሐኪም ፈርቶ ካላዘዘ፣ ቤተሰብ አፍሮ ካልወሰደ፣ አገልግሎት ላይ የዋለው ጥቂት ይሆናል፤ ጥቂት ከሆነ ለሚቀጥለው ዓመት የሚገመተው ጥቂት ይሆናል፤ ጥቂት ከመጣ ደግሞ ሐኪሙ ማዘዙን ይተዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ በዓመት ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ያህል የሞርፊን ዓይነት ማስታገሻ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገራት የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። ቁጥሩን ደግመው ያንብቡት። በዚህ ክበብ ውስጥ የመጋቢው «ይቅርብህ» የሚል ምክር የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ክበቡ ሊሰበር እንደሚችል ግን ጎረቤት አሳይታናለች። ኡጋንዳ ውስጥ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆስፒስ አፍሪካ ዱቄት ሞርፊንን በውኃ በጥብጦ በጠርሙስ የሚጠጣ ርካሽ መድኃኒት አድርጎ በየቤቱ ማድረስ ጀመረ። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአገሪቱ ሕግ ተሻሽሎ፣ ሐኪም በሌለበት ገጠር ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሞርፊን እንዲያዝዙ ተፈቀደ። በእኛም አገር ሆስፒስ ኢትዮጵያ በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ተመሥርቶ ሕሙማንን በየቤታቸው እየሄደ መንከባከብን አስተምሯል። ከጉና ተራራ ሥር ለሚኖር ታማሚ አዲስ አበባ ሩቅ ነው። ባሕር ዳር እንኳ ከደብረ ታቦር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ርቀቱ በኪሎ ሜትር የሚለካ አይደለም።

አዲሱ መድኃኒትስ?

አሁን ወደ ሁለተኛው በር። በበለጸጉት አገራት የሚካሄደው ክርክር ሁለቱን በሮች በአንድ ጊዜ የሚያንኳኳ ነው። ሳይሎሳይቢን ከአንዳንድ የእንጉዳይ ዓይነቶች የሚገኝ፣ የሰውን ስሜትና ዕይታ ለሰዓታት የሚለውጥ ነገር ነው። ሞት የቀረባቸውን የካንሰር ሕሙማን ከከባድ ፍርሃትና ጭንቀት ያሳርፍ እንደሆነ እየተጠና ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው የአእምሮ ለዋጭ ነገሮች ስምምነት መሠረት ግን በጣም ጥብቅ በሆነው መደብ ውስጥ ነው፤ ለሳይንስና እጅግ ለተወሰነ ሕክምና ካልሆነ አይፈቀድም። ካናዳ በነሐሴ ወር 2020 እ.ኤ.አ. ለአራት የመጨረሻ ደረጃ የካንሰር ሕሙማን ልዩ ፈቃድ ሰጠች። አውስትራሊያ ከሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቃድ ያላቸው የአእምሮ ሐኪሞች በሌላ ሕክምና ላልዳነ ድብርት እንዲያዝዙት ፈቀደች። አሜሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. «የመሞከር መብት» የሚባል ሕግ አውጥታ፣ ሌላ አማራጭ ያጡ ሕሙማን የመጀመሪያውን የደኅንነት ምርመራ ያለፈ መድኃኒት እንዲያገኙ በር ከፈተች። ሲያትል ያለ አንድ ሐኪም በዚሁ ሕግ ሳይሎሳይቢን ለሕሙማኑ ሊሰጥ ሲጠይቅ ግን የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሥልጣን የለኝም ብሎ መለሰው፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። የመሞከር መብት ቢኖርም የቁጥጥሩ በር አልተከፈተም ማለት ነው።

ይህን የማነሣው ሳይሎሳይቢን ነገ ደብረ ታቦር ይገባል ብዬ አይደለም። ነገር ግን ዘመዶቻችን ዳላስና ሜልበርን ናቸው፤ ወሬው በስልክ በአንድ ሌሊት ይደርሳል። ክርክሩም አንድ ነገር ያስተምራል፤ የሞተ ተስፋ ያለው ሰው «የሚጎዳኝ ምን ቀረ?» ሲል፣ ሕግ «ማን ይጠብቅህ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ጥያቄዎች እውነት አላቸው።

ለእኛ ቅርብ የሆነው የሙከራ መድኃኒት ታሪክ ከእንጉዳይ ሳይሆን ከአሸዋ ዝንብ ጋር የተያያዘ ነው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ሰው እየከሳ፣ ሆዱ እያበጠ፣ ትኩሳት ሳይለቀው መሞት ጀመረ። መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መሰለ። በምርመራ ሲታወቅ ካላዛር ነበር፤ ከቆላው፣ ከመተማና ከሁመራ የእርሻ ሥራ በተመለሱ ሠራተኞች ሳይመጣ አልቀረም የሚለው ግምት ሰፊ ተቀባይነት አለው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ከፈቱ። በጊዜው የነበረው ዋና መድኃኒት መርፌ ሆኖ ለልብና ለጣፊያ ሥር እጢ መርዛማ ነበረ፤ በተለይ ኤች አይ ቪ አብሮ ባለበት ሰው ላይ ብዙ ይገድል ነበር። ከዚያ በኋላ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በአብደራፊ አምቢዞም የተባለውን መርፌ ሚልቴፎሲን ከሚባለው የሚዋጥ መድኃኒት ጋር አጣምሮ መስጠት በፈቃደኛ ሕሙማን ላይ ተጠና። ውጤቱ ጥሩ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በምሥራቅ አፍሪካ ሁለቱም በሽታ ላለባቸው ይህን ጥምር ሕክምና መከረ።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርደው ታመው የተመለሱ ወጣቶች፣ ምናልባትም በእርስዎ ጉባኤ የተቀመጡ ሰዎች ወንድሞች፣ ሰውነታቸውን ለጥናት ሰጥተው መመሪያ ተለወጠ። የሙከራ መድኃኒት ሁሉ ነጮች በድሀ ላይ የሚፈጽሙት ተንኮል ነው የሚለው ንግግር ይህን ታሪክ አያውቀውም። በሌላ በኩል ይህ ጥናት የባለሥልጣኑ ፈቃድና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ ያስፈልገው ነበር፤ ታማሚው ተነግሮት፣ ገብቶት፣ ፈቅዶ ነው የሚገባው። በሻንጣ ከውጭ የተላከ ስሙ የማይነበብ ብልቃጥ ግን ከዚህ አንዱም የለበትም። ላኪዋ በፍቅር ነው የላከችው፤ ይሁን እንጂ በአገራችን ሕግ መድኃኒት ወይ ተመዝግቦ ወይ በባለሥልጣኑ ልዩ ፈቃድ ነው የሚገባው፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ናርኮቲክ ከሆነ ደግሞ ተቀባዩ አንቀጽ 525 ፊት ሊቆም ይችላል። ለቤተሰቡ ይህን በግልጽ መንገር የእርስዎ ፋንታ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍትና የሚያደነዝዝ ጽዋ

ከመድረክ ሲነገር የምንሰማው ዋና ተቃውሞ ሦስት ክፍሎችን ይጠቅሳል።

የመጀመሪያው ገላትያ 5፥20 ነው። በግሪኩ «ፋርማኬያ» የሚለው ቃል በአማርኛችን «ምዋርት» ተብሎ ተተርጉሟል፤ ፋርማሲ የሚለው ቃልም ከዚያው ሥር ነው። ከዚህ ተነሥቶ «መድኃኒት ሁሉ አስማት ነው» የሚል ስብከት አለ። ቃል ከየት እንደ ተወለደ ማወቅ ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ አይወስንም፤ ይህን በመጀመሪያው ዓመት የትርጓሜ ትምህርት እናስተምራለን። ጳውሎስ የሚያወግዘው ከጣዖት አምልኮ ጎን የቆመ ጥንቆላን ነው። ያው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲወስድ ይመክረዋል (1 ጢሞ. 5፥23)። ሳምራዊውም ቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፍስሷል፤ ሕዝቅያስ የተፈወሰው በጸሎት ነው፣ የበለስ ጥፍጥፍም ተደርጎለት ነው (ኢሳ. 38፥21)።

ሁለተኛው ማርቆስ 15፥23 ነው፤ ክብደት ያለውም እርሱ ነው። ጌታችን በመስቀል አጠገብ ከርቤ የተቀላቀለበት ወይን ቀርቦለት አልተቀበለም። «እርሱ ሕመሙን ሳያደነዝዝ ተሸከመ፤ አንተስ?» ይባላል። በአይሁድ ታልሙድ እንደ ተመዘገበው የኢየሩሳሌም ሴቶች ሞት ለተፈረደበት ሰው ልቡናውን የሚያደበዝዝ ወይን ያቀርቡ ነበር፤ መሠረት ያደረጉትም ምሳሌ 31፥6 ላይ ለሚጠፋ ሰው ብርቱ መጠጥ እንዲሰጥ የሚያዝዘውን ቃል ነው። ጽዋውን ማቅረብ የርኅራኄ ሥራ ነበር ማለት ነው። ኢየሱስም ያቀረቡለትን አልገሠጸም። እርሱ ያልጠጣው አብ የሰጠውን ሌላ ጽዋ፣ ማንም ሊጋራው የማይችለውን፣ ሙሉ በሙሉ ሊጠጣ ስለ መጣ ነው። የእርሱ መከራ ቤዛ ነው፤ በጋይንት የተኛችው እናት የአጥንት ካንሰር ቤዛ አይደለም። በእርስዋ ስቃይ ላይ የማዳንን ዋጋ መጫን ትሕትና መስሎ የመስቀሉን ብቸኝነት የሚነካ ትምህርት ነው። በዚህ ላይ ማለባበስ አልፈልግም።

ሦስተኛው በመጠን ስለ መኖር የሚናገሩት ክፍሎች ናቸው፤ ኤፌሶን 5፥18 እና 1 ጴጥሮስ 5፥8። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አማኝ በሞቱ ሰዓት ልቡናው ንቁ ሆኖ ጌታን ሊጠራ ይወዳል። ነገር ግን ጽኑ ሕመም ራሱ ልቡናን ይነጥቃል። ሌሊቱን ሙሉ የጮኸ ሰው መዝሙር ሊያዳምጥ አይችልም። በትክክል የተመጠነ ሞርፊን በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ ያመጣል፤ ከዚያ ሰውነት ሲለምደው ብዙ ታማሚዎች ነቅተው ይነጋገራሉ፣ ቁርባን ይወስዳሉ፣ ልጆቻቸውን ይመርቃሉ። ሰካራም ከኑሮ ለመሸሽ ይጠጣል፤ ታማሚዋ የምትወስደው ለቀሯት ቀናት ወደ ኑሮ ለመመለስ ነው።

ይህን አሠራር ለዓለም ያስተማረችው አማኝ ሴት መሆኗ ሊያስደንቀን አይገባም። ሲስሊ ሳንደርስ በ1945 እ.ኤ.አ. ወንጌላዊውን እምነት የተቀበለች፣ ነርስ፣ ቀጥሎም የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ በመጨረሻ ሐኪም የሆነች እንግሊዛዊት ነበረች። በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፈተች። ሞርፊን ሕመሙ እስኪያስጮህ ተጠብቆ ሳይሆን በሰዓቱ፣ ሕመሙ ሳይመለስ ቀድሞ እንዲሰጥ አደረገች፤ የሥጋ፣ የነፍስ፣ የቤተሰብና የመንፈስ ሕመም አንድ ላይ እንደሚመጣም አስተማረች። በነገራችን ላይ የወንጌላውያን ስም በደብረ ታቦር ታሪክ ጎልቶ የሚነሣው በጋፋት ነው፤ ከባዝል አጠገብ የመጡት የእጅ ባለሙያ ሚሲዮናውያን ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያቀለጡበት። የከተማዋን ሆስፒታል የጀመሩት ደግሞ የአድቬንቲስት ሚሲዮናውያን ናቸው። ከሁለቱ ውርሶች የትኛውን እንደምንመርጥ የታወቀ ይመስለኛል።

ለመጋቢው የሚሆኑ ነገሮች

ሱስን በተመለከተ ሦስት ነገሮችን ይለዩ። ሰውነት መድኃኒቱን ሲለምድ መጠኑ ከፍ ሊል ይችላል፤ በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ይታወካል፤ እነዚህ ሁለቱ በማንኛውም ታማሚ ላይ ሊታዩ የሚችሉ የሰውነት ጠባዮች ናቸው። ሱስ ግን ጉዳቱን እያወቁ ነገሩን ማሳደድ ነው። ለሕመሟ በሰዓቱ በምትወስድ እናት ዘንድ ይህ የሚያሰጋው እምብዛም ነው። «ሞርፊን ከጀመረ ሊሞት ነው» የሚለውም አባባል የመጣው መድኃኒቱ በመጨረሻው ቀን ብቻ ስለሚሰጥ ነው። በአግባቡ የተመጠነ ሞርፊን ሕይወትን አያሳጥርም። ሕመምን ለማስታገስ መስጠትና ለመግደል መስጠት በሐሳብም በመጠንም የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛውን ቤተ ክርስቲያን ትቃወማለች፣ መቃወምም አለባት። ሆድ ድርቀት ግን እርግጥ ነው፤ አንጀት የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ካልታዘዘ ቤተሰቡ ሐኪሙን ይጠይቅ። መጋቢ ስለ ሆድ ድርቀት መናገር አይገባውም የሚል ካለ፣ ጽኑ ታማሚ አልጠየቀም።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። በአገራችን ቤተሰብ ለታማሚው የበሽታውን ስም ይደብቃል፤ ፍቅር ነው የሚያስደብቀው፣ ክፉ ወሬ ሰው ይጥላል ተብሎ ነው። የሙከራ መድኃኒት ግን ያለ ፈቃድ አይሰጥም፤ ፈቃድ ደግሞ ያለ እውነት የለም። በሄልሲንኪ የተደነገገው የሐኪሞች ሥነ ምግባርም ያልተረጋገጠ ሕክምና ለታማሚ ሲሰጥ የእርሱ ወይም የሕጋዊ ወኪሉ ፈቃድ እንዲኖር ይጠይቃል። በሽታውን ሳያውቅ የፈረመ ሰው ምን ላይ ፈረመ? እዚህ ላይ ሐኪሙም ቤተሰቡም ወደ እርስዎ ያያሉ። ታላቁን ልጅ ለብቻው ያነጋግሩት፤ «አባትህ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋል ብለን እንጠይቀው» ይበሉት። ብዙ ጊዜ አባትየው ሁሉንም ያውቃል፤ ልጆቹ እንዳይደነግጡ ብሎ ነው ዝም ያለው። ለጥናት የተጠየቀ ምእመን ካለም ቅጹን አብረውት ያንብቡ፦ ምን ይሰጠኛል፣ ምን ሊጎዳኝ ይችላል፣ ብተው የተለመደውን ሕክምና አጣለሁ ወይ፣ መቼስ ማቋረጥ እችላለሁ? ከጥናቱ በፈለገ ጊዜ የመውጣት መብት አለው፤ ሐኪሙን ያሳዝናል ብሎ በይሉኝታ የሚቆይ ብዙ ነው።

ስለ ፈውስም አንድ ቃል። ጎረቤቶቻችን ታማሚውን ጸበል ሲወስዱና መድኃኒቱ ሲቋረጥ እናዝናለን፤ ነገር ግን በእኛው የፈውስ ጉባኤ «ኪኒኑን ጣል፣ ተፈውሰሃል» የሚለው ድምፅ ከዚያ በምን ይለያል? ያዕቆብ 5፥14 ሽማግሌዎችን ወደ አልጋው ይጠራል እንጂ ታማሚውን ከሐኪሙ አይነጥልም። እግዚአብሔር ፈውሶት ከሆነ ሐኪሙ መርምሮ መጠኑን ይቀንስለታል፤ ሞርፊን በአንድ ቀን ማቋረጥ ግን የተፈወሰውንም ያሳምማል።

ስለዚህ ጉብኝት ከመውጣትዎ በፊት በአካባቢዎ ወዳለው ሆስፒታል አንድ ቀን ይሂዱና ይጠይቁ፤ ሞርፊን የሚያዝዘው የትኛው ክፍል ነው? ለስንት ቀን ይሰጣል? ታማሚው መምጣት ካልቻለ በማን እጅ ሊወጣ ይችላል? መልሱን ጽፈው ከመጽሐፍ ቅዱስዎ ጋር ይያዙት፤ ቤተሰቡ በጭንቀት ውስጥ ሆኖ ይህን ሊያጣራ አይችልም። ዕድርዎ የትራንስፖርት ገንዘብ ለቀብር ብቻ የሚያወጣ ከሆነ፣ በሕይወት ላለ ታማሚ መድኃኒት ማምጫም እንዲያወጣ በጉባኤ ያንሡት።

ከቀብር በኋላም አንድ ነገር ይቀራል፤ ያላለቀው ጠርሙስ። ለቅሶ ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ ልጆች ወዲያ ወዲህ ሲሉ፣ ጠርሙሱ መስኮት ላይ ተረስቶ ይውላል። ወይም ወገቡን የሚያመው ጎረቤት «ለእርሷ ከሠራ ለእኔም» ብሎ ይጠይቃል። ለአንድ ሰው የተመጠነው ለሌላው ሊገድል ይችላል፤ ያለ ማዘዣ ማሳለፉም ወንጀል ነው። በሦስተኛው ቀን ሲሄዱ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ለብቻ ጠርተው ጠርሙሱን ያስፈልጉ፤ ማዘዣውን አያይዞ ለሰጠው ፋርማሲ እንዲመልስ ይላኩት፤ መረከቢያውንም ፈርመው እንዲሰጡት ይጠይቅ።